ማታ ገንዘቡ ማን እጅ ያድራል? የስድስት ቀን ማስታወሻ ከሀዋሳ

ረቡዕ፦ መንገድና ደብዳቤ

ከአዲስ አበባ ሀዋሳ ከ270 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነጌሌ፣ ሻሸመኔ፣ ከዚያ ጥቁር ውሃ፤ ከጥቁር ውሃ ወዲያ ከተማዋ ናት። ማለዳ 12 ሰዓት የተነሳ መኪና መንገዱ ካልተዘጋጋ ለምሳ ይደርሳል። ለምሳ መድረስ ይጠቅማል፤ የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላው የሚያልቀው በደብዳቤ ነውና።

የጉዞው ጉዳይ አንድ ነው፦ ቢሮ ውስጥ «ወጣቶችን ማብቃት» የሚባለውን ነገር የድሃ ሰፈር ልጆች ራሳቸው ምን ብለው ይረዱታል? ለዚህ መጀመሪያ ክፍለ ከተማ ይኬዳል። ከስምንቱ የሀዋሳ ክፍለ ከተሞች መነኻሪያና ሐይቅ ዳር ለእንዲህ ያለ ሥራ ይመቻሉ፤ አንደኛው ከገጠር የሚመጣውን ልጅ ይቀበላል፣ ሌላው በሐይቁ የሚተዳደረውን ይይዛል። የትብብር ደብዳቤው ከክፍለ ከተማ ወደ ቀበሌ ይጻፋል፤ ቀበሌው ደግሞ አንድ የወጣት ተወካይ ይመድባል። ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ተወካዩ ልጆቹን ራሱ ጠርቶ ያመጣል፣ የሚመጡትም ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው፤ ስብሰባ የለመዱ፣ አበል የሚጠብቁ፣ «ግንዛቤ ተፈጥሮልናል» ማለት የሚያውቁ። ሥልጠና የበዛበት ልጅ ምንም ብትጠይቀው የሥልጠና መልስ ነው የሚሰጥህ። ስለዚህ ተወካዩን አመስግኖ ለማስተዋወቅ ብቻ መጠቀም፣ ተሳታፊውን ግን ራስ ሄዶ መፈለግ ይሻላል፤ በሦስት ቦታ፣ በሦስት የተለያየ ሰዓት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አስፋልት ዳር የቆመው ልጅና ማታ 2 ሰዓት ላይ የሚቆመው አንድ አይደሉም።

ዕድሜም አለ። የ1996ቱ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። ለፖሊሲ ይሁን፤ የ28 ዓመት ሰው ባለበት ግን የ15 ዓመት ልጅ አፉን አይከፍትም። ከ15–17 ያሉት ለብቻ፣ ከ18–24 ያሉት ለብቻ፤ ሴቶችና ወንዶችም ለየብቻ። በአንድ ቡድን ከ6 እስከ 8 ሰው፣ ከ90 ደቂቃ ሳይበልጥ። ከ18 በታች ለሆነው የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በላዩ ደግሞ የልጁ የራሱ እሺታ። የትራንስፖርት ገንዘብ የሚከፈል ከሆነ መጠኑ ከመጀመሪያው ይነገር፣ ለሁሉም እኩል ይሁን፣ መጨረሻ ላይ ይሰጥ። መሃል ላይ ከተሰጠ ግማሹ ሰው ይሄዳል፣ የቀረውም ሰጪውን ለማስደሰት መናገር ይጀምራል።

ማታ የሚገዛው ዕቃ ቀላል ነው። ለየቡድኑ ሁለት ትልልቅ ቡናማ ወረቀት፣ አራት ቀለም ማርከር፣ አራት ባዶ የድልህ ጣሳ፣ ከጉሊት አንድ ሁለት ስኒ ቦሎቄ።

ሐሙስ፦ «ሰው ሆነ»

ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ከመነኻሪያው እስከ አሮጌ ገበያ ያለው መንገድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ይጨናነቃል፤ ሊስትሮ፣ ሶፍትና ማስቲካ የሚያዞር፣ ዕቃ ተሸካሚ፣ የስልክ ሽፋን የዘረጋ።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። «ማብቃት» ከቢሮ ውጭ ብዙም አይሠራም። ሰፈር ውስጥ «አበቃ» ማለት አለቀ፣ ተጨረሰ ነው፤ «ወጣቶችን ማብቃት» የሚል ባነር ሥር የቆመ ልጅ ቢቀልድበት አይፈረድበትም። በምትኩ አራት ቃል ይሰማል፦ «ራሱን ቻለ»፣ «ተለወጠ»፣ «አለፈለት»፣ «ሰው ሆነ»። አራቱ አንድ ይምሰሉ እንጂ አይደሉም። «አለፈለት» ውስጥ ባለቤቱ ምንም አላደረገም፤ መከራው በራሱ ጊዜ አለፈ። ሎተሪ የደረሰውም፣ ዐረብ አገር ያለች እህቱ ገንዘብ የላከችለትም አልፎለታል። «ራሱን ቻለ» ሸክም ያለበት ነው፤ መቻል ችሎታም ነው፣ መሸከምም ነው። «ተለወጠ» ዓይን የሚያየውን ነው የሚናገረው፣ ልብስና ስልክ። «ሰው ሆነ» ግን ከሁሉም ይከብዳል፤ ቀድሞ ሰው ሆኖ አይቆጠርም ነበር ማለት ነውና። ልጆቹን «ማብቃት ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ዝምታ ያመጣል። «ከሰፈራችሁ ሰው ሆነ የምትሉት ማን ነው? በምን አወቃችሁ?» ካሉ ግን 90 ደቂቃው አይበቃም።

ሊስትሮዎቹ አብዛኞቹ ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከሀድያና ከሲዳማ ገጠር የመጡ ናቸው። ሣጥኑ ቀርቦ ሲታይ ሙሉ ድርጅት ነው። ከላይ የእግር ማሳረፊያ፤ ከውስጥ አንድ የአቧራ ብሩሽ፣ ለጥቁርና ለቡናማ ቀለም ለየብቻ ብሩሽ፣ የቀለም ቆርቆሮዎች፣ ስፖንጅ፣ የሳሙና ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የማብሪያ ጨርቅ፣ ካልሲ እንዳይነካ በጫማው ዳር የሚሰካ ቁራጭ ካርቶን። «ጋሼ፣ ይጠረግ?» ይላል፤ አቧራ፣ እጥበት፣ ማድረቅ፣ ቀለም፣ ብሩሽ፣ ጨርቅ፤ ከዚያ በብሩሹ ጀርባ ሣጥኑን ኳ ያደርጋል፣ እግር ይቀየር ማለት ነው። የቡናማው ብሩሽ ጥቁር ከነካ የደንበኛው ጫማ ይበላሻል፤ ጀማሪ የሚባረረው በዚህ ነው። ሣጥኑ የራሱ የሆነና የተከራየ ልጅ ዕኩል ሠርተው ዕኩል አይገቡም።

የጉዞው ዋና ጥያቄ የሚወጣው ከዚህ ነው፦ የዛሬው ገንዘብ ማታ ማን እጅ ያድራል? ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ የባንክ ሂሳብ ልክፈት ሲል ብዙ ጊዜ አሳዳጊ ይጠየቃል፤ አሳዳጊው ደግሞ ገጠር ነው። ኪስ ውስጥ የተረፈ ብር በጋራ ማደሪያ ሌሊት ይጠፋል። ስለዚህ ብዙው የሚያስቀምጠው ባለሱቅ ዘንድ ነው፤ ያለ ደብተር፣ በቃል። ባለሱቁ ታማኝ ሲሆን ከባንክ ይሻላል፣ እሑድም ይሰጣል። ሱቁ ሲዘጋ ወይም ሂሳቡ ሲያጨቃጭቅ ግን ልጁ የሚያሳየው ወረቀት የለም። ጫማ ከማስጠረግ ጋር ቁጠባን ማስተማር የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ ልጁ መቆጠብን ያውቃል፣ የጎደለው ደብተር ነው። ሁለት ተመሳሳይ ትንሽ ደብተር፣ አንዱ ባለሱቁ ጋር አንዱ ልጁ ጋር፣ በየቀኑ ሁለቱም የሚፈርሙበት፤ ከማንኛውም የሁለት ቀን ሥልጠና ይበልጣል።

አሁን ቦሎቄው። አራቱ ጣሳዎች ላይ ሥዕል ይለጠፋል፣ ፊደል አይደለም፦ አንዱ «እኔ»፣ አንዱ «ቤተሰብ»፣ አንዱ «ባለንብረት ወይም አለቃ»፣ አራተኛው «እንጃ»። ለእያንዳንዱ ሰው 10 ፍሬ ይታደላል፤ 8 ሰው ከሆነ 80። ጥያቄው ይነበባል፦ «ዛሬ ያገኘኸው ገንዘብ ምን ላይ እንደሚውል ማን ይወስናል?» ልጁ ፍሬውን እንደ ግምቱ ያከፋፍላል። ከዚያ ተቆጥሮ ሁለተኛው ይቀጥላል፣ የት እንደምታድር፤ ሦስተኛው፣ ሥራ ለመቀየር ወይም ለመማር። ጣሳው ክዳን ከሌለው ሁሉም የመጀመሪያውን ሰው ይገለብጣል፤ ስለዚህ ካርቶን ይከደንና እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ይበሳለታል፣ ጣሳዎቹም ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጣሉ። ዕድሜ የገፋው ልጅ መጀመሪያ ሳይሆን መጨረሻ ይግባ። ብዙ ሰው የሚቸኩለው የ«እኔ»ን ጣሳ ለመቁጠር ነው። መጀመሪያ መከፈት ያለበት «እንጃ» ነው፤ በቁጥሩ ሳይሆን ለምን እንደገባ በሚነሳው ክርክር።

ዓርብ፦ አሞራ ገደል

ወደ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ ንጋት ላይ ካልተኬደ አይጠቅምም። ጀልባዎቹ ሲገቡ መረብ ይፈታል፤ ቆሮሶው ባንድ ወገን፣ አምባዛው ባንድ ወገን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ባንገታቸው ከረጢት አንጠልጥለው እንደ ሽማግሌ ዙሪያውን ቆመው ይጠብቃሉ። ዓርብ የጾም ቀን ነው፤ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ ገበያው አይቀዘቅዝም።

ልጆቹ ዓሣ ሲበልቱ ማየት ያስደስታል። ቆሮሶው በጎኑ ይጋደማል፤ ከጉሮሮው ሽፋን ጀርባ እስከ አከርካሪው ይቆረጣል፣ ቢላው ይጋደምና አጥንቱን እየታከከ እስከ ጅራት ይነዳል፣ ሥጋው በአንድ ቁራጭ ይነሳል። ከዚያ ይገለበጥና ሌላው ጎን። መጨረሻ ላይ ቆዳው ወደ ታች ተደርጎ ከጅራቱ በኩል ይገፈፋል። ቢላው ከአጥንቱ ከራቀ ሥጋ ይባክናል፤ ከተጠጋ አጥንት ይገባና ገዢ ይቆጣል። ጭንቅላቱ ለሾርባ፣ የቀረው ለአሞራ። የለመደ እጅ ከደቂቃ ብዙም አይፈጅም።

ማን ምን እንዳለው ደረጃ በደረጃ ነው። ከታች ቢላ የሌለው፤ ቅርፊት ይፍቃል፣ ውሃ ያመላልሳል፣ ክፍያው አንዳንዴ ዓሣ ነው። ቀጥሎ ቢላ ያለው። ቀጥሎ መረብ ያለው። ከላይ ጀልባ ያለው። ከሐይቁ የመጣው ሲከፋፈል ብዙ ጊዜ ጀልባውና መረቡ እንደ ሰው ድርሻ አላቸው፤ የቀረው ለጉልበት። በዚህ ቦታ «ራሱን ቻለ» ማለት ከቢላ ወደ መረብ መሻገር ነው፣ በልጆቹም ወረቀት ላይ ደረጃው ሲሣል ረጅሙ ክፍተት እዚያ ላይ ይወድቃል። ቢላ ከዕለት ገቢ ይገዛል፤ መረብ አይገዛም።

ቢሮ የሚያስበውና ልጁ የሚያስበው የሚለያዩትም እዚህ ነው። ዓይኑ የጠበበ መረብ ትንንሹን ቆሮሶ ሳይራባ ይጠርገዋል፤ ሐይቁ ላይ ዓሣው ለመመናመኑ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ልጆቹ ይህን ማስተማር አያስፈልጋቸውም፤ ከዓመት ዓመት የሚያወጡት ዓሣ ሲያንስ ቢላቸው ያውቃል። ግን ስለ መረብ ዓይን ስፋት በሚወሰንበት ስብሰባ የሚቀመጠው መረብ ያለው ነው። ለእነሱ ማብቃት ማለት ሥልጠና ከሆነ ያወቁትን መልሶ መንገር ነው፤ ስብሰባው ውስጥ አንድ ወንበር ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ውይይት የሚደረገው ከ4 ሰዓት በኋላ ሥራው ሲረግብ ነው፣ ከ6 ሰዓት በፊት መጠናቀቅ አለበት። ከሰዓት በኋላ አንዳንዱ በርጫ ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚነገረው ሁሉ ትልቅ ትልቅ ዕቅድ ነው።

ቅዳሜ፦ ባጃጅና ማኅበር

ባጃጅ ላይ ያለው ልጅ ከውጭ ሲታይ ያለፈለት ይመስላል፤ ተሽከርካሪ ይዟል፣ ሙዚቃ ከፍቷል። ሂሳቡን ግን ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ባጃጁ የሌላ ሰው ከሆነ ሹፌሩ በየቀኑ የተቆረጠ «ገቢ» ያስረክባል፤ ሠራም አልሠራም። ለስሌት ያህል፦ ቀኑን 1,500 ብር ሰበሰበ እንበል፤ 700 ገቢ፣ 400 ነዳጅ፣ 150 ምግብ፤ 250 ቀረለት። ግማሽ ቀን ነዳጅ ሰልፍ ላይ ከዋለና የሰበሰበው 900 ቢሆን፣ ነዳጁ 250 ቢሆን፣ ምግቡ ያው 150፤ ገቢው ግን 700 ነው፣ አልተቀነሰም። 200 ብር ከኪሱ ይጨምራል ማለት ነው። ክፉ ቀን የሚያርፈው ሁሉ ሹፌሩ ላይ ነው፤ ባለንብረቱ ክፉ ቀን የለውም። ይህን ሠንጠረዥ ከልጆቹ ጋር በማርከር ሲሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ክርክሩ የሚነሳው ስለ ገቢው መጠን አይደለም፤ ጎማና ቅጣት የማን ነው በሚለው ነው። ያ በጽሑፍ የተቀመጠ ውል የለም፤ ስለዚህ ሁሌም የደካማው ነው።

ከሰዓት በኋላ ለማኅበራት። መንግሥት በ2009 በአዋጅ ቁጥር 995 የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲያቋቁም 10 ቢሊዮን ብር መድቦ ነበር፤ ብድሩ የታሰበው በዋናነት ተደራጅተው ለሚመጡ ወጣቶች ነው። መደራጀቱ በወረቀት ቀላል ነው፦ መተዳደሪያ ደንብ፣ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የጋራ ዋስትና። የሚፈርሰው ለምን እንደሆነ ለሚያውቅ አስገራሚ አይደለም። የማይተዋወቁ ሰዎች ቁጥር ለመሙላት አንድ ላይ ይጻፋሉ፤ አንዱ ስሙን ብቻ ያውሳል፤ ሌላው የተሻለ ሲያገኝ ይሄዳል፤ ዕዳው ግን ከቀሩት ጋር ይቀራል። ሴቶች ባሉበት ማኅበር ደግሞ ብዙ ጊዜ ጸሐፊነቱ ለሴት ነው፣ ፊርማው ለወንድ።

የማኅበሩን ጤና ለማወቅ ሪፖርት ማንበብ አያስፈልግም። ሦስት ነገር መጠየቅ ነው። ባንክ የሚፈርሙት ስንት ናቸው፣ እነማንስ? የመጨረሻው ቃለ ጉባኤ የተጻፈው መቼ ነው? ባለፈው ወር የወጣውን ገንዘብ ያልፈረመ አባል በቃሉ ሊናገር ይችላል? ሦስተኛውን የሚመልስ አባል ያለው ማኅበር ቢከስርም ተመልሶ ይነሳል።

እሑድ፦ የፋብሪካዎቹ ልጆች

እሑድ የተመረጠው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች በዕረፍታቸው ቤት ስለሚገኙ ነው። ፓርኩ ሐምሌ 2008 ተመረቀ፤ የልብስ ስፌት ነው፣ አብዛኞቹ ሠራተኞች ወጣት ሴቶች። ብዙዎቹ ከአካባቢው ገጠር መጥተው በአንድ ክፍል ሦስትም አራትም ሆነው ይከራያሉ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከመሸጥ ዕድል፣ ስትወጣ ትእዛዝ ቀነሰ፣ ሥራ ያጡም ነበሩ፤ እነዚህ ክፍሎች ውስጥ ዋሽንግተን ላይ የተላለፈ ውሳኔ የቤት ኪራይ ጉዳይ ይሆናል።

እዚህ መብት የሚለው ቃል ቁጥር አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ላለ ወጣት ሠራተኛ በቀን 7። የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን፤ የወሊድ ፈቃድ 30 ቀን ከመውለድ በፊት፣ 90 ቀን በኋላ። የደመወዝ ወለል ግን አዋጁ አልቆረጠም፤ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል አለ እንጂ። ቁጥሮቹን ካርቶን ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ መተው ይጠቅማል፤ «የሙከራ ጊዜሽ አላለቀም» የተባለች ልጅ ቀን መቁጠር ትጀምራለች።

ጣሳዎቹ እዚህ ሲከፈቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የደመወዙ ፍሬ ብዙ ጊዜ «ቤተሰብ» ውስጥ ይገባል። ከውጭ የመጣ ሰው ይህን «የራሷ ውሳኔ የላትም» ብሎ ይጽፋል፣ ይሳሳታልም። ለእናቷ ብር የምትልክ ልጅ ድሮ የምትታዘዝ ነበረች፤ አሁን ታናሽ ወንድሟ ትምህርት ቤት ይቀየር አይቀየር ሲባል ስልክ የሚደወለው ለእሷ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ይከተላል፦ «ላክሽው ወይስ ወሰዱብሽ?» አማርኛው ራሱ ይለየዋል። «ላክሁ» ባለችውና «ተወሰደብኝ» ባለችው መካከል ያለው ልዩነት ነው የጉዞው ሁሉ ቁም ነገር፣ በገንዘቡ መጠን ሳይለካ። ተመራማሪዋ ናይላ ካቢር እ.ኤ.አ. በ1999 ማብቃትን በሦስት ከፍላ አስቀምጣዋለች፦ ሀብት፣ የመወሰን አቅም፣ ውጤት። ቢሮ የመጀመሪያውን ይቆጥራል፣ ሦስተኛውን ይዘግባል፤ መሃለኛው ግን ያለው «ላክሁ» በምትለው ግሥ ውስጥ ነው።

ዕቁባቸውም ይታይ። 8 ሰው በየወሩ 500 ብር ቢጥሉ ዕጣው 4,000 ይሆናል፤ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ለቀደመ ዕጣ ዋስ ይጠየቃል። ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ ይለቃል፣ ቀድማ የወሰደችው ወጥታ ብትጠፋ ሁሉም ይከስራል። ስለዚህ አዲስ የገባችው መጨረሻ ላይ ትወስዳለች፤ የታመመ ቤተሰብ ያላት ግን ተለምና ትቀድማለች። ይህን ሕግ ማንም አላሠለጠናቸውም።

የመጨረሻው ሥራ ካርታ ነው። ከቤት እስከ ሥራ ያለው መንገድ ቡናማው ወረቀት ላይ ይሣላል፤ በአረንጓዴ በፈለጉት ሰዓት የሚሄዱበት፣ በቀይ ከመሸ የማይሄዱበት። ወንዶቹ ይህን ካርታ ሲሠሩ ቀዩ ጥቂት ነው፣ አንዳንዴ ጭራሽ የለም። ሴቶቹ ጋ ከማታ 1 ሰዓት በኋላ ሰፈሩ ግማሽ ይሆናል። ማታ ትምህርት ለምን አትማሪም የሚለው ጥያቄ መልሱ እዚያ ቀይ መስመር ላይ አለ፤ መብራት የሌለው ሁለት መቶ ሜትር።

ሰኞ፦ መመለስ

ጠዋት ሁሉም ወረቀት ወደ ባለቤቶቹ ይመለሳል። ለየቡድኑ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፦ የተጻፈው ይነበባል፣ «ይህን አላልንም» የሚሉት ይሰረዛል። ሊስትሮዎቹ ብዙ ጊዜ የሚያሰርዙት የማደሪያቸውን ቦታ ነው፤ ትክክል ናቸው፣ ሪፖርት የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ካርታው ፎቶ ይነሳል፣ የሰው ፊት ሳይገባ፤ ዋናው ወረቀት እነሱ ጋር ይቀራል። የሴቶቹ ካርታ አንድ ግልባጭ ለቀበሌው ይሰጣል፣ ለመብራቱ፤ የተቀበለው ሰው ስምና ቀን በጀርባው ይጻፋል፣ ያለዚያ ማንም አልተቀበለም።

መኪናው ከመነኻሪያ እስኪሞላ ጊዜ አለ። ጣሳዎቹን ሊስትሮዎቹ ለውሃ ወስደዋቸዋል። ቦሎቄው ሴቶቹ ቤት ነው፤ ታጥቦ ማታ ንፍሮ ይሆናል።